አሥራ አንድ ሰው ያየው ቢጫ ካፖርት

መምህር ያርጋል ሰው መግደሉን ያስታወሰው በታሰረ በዘጠነኛው ቀን ነው። እስከዚያ ድረስ ከ«አላስታውስም» ሌላ ቃል አልወጣውም። በዘጠነኛው ቀን ጠዋት ግን የእስር ክፍሉን የብረት በር በመዳፉ እየደበደበ መርማሪ እንዲጠሩለት ጮኸ። ሳጅን የሺዋስ የተጣደፈ እንዳይመስል ሻዩን ጨርሶ ሄደና ቃሉን ተቀበለ። መምህሩ ዐርብ ፍርድ ቤት ቀርቦ ያንኑ ከደገመ ነገሩ አለቀለት። ሳጅኑ ደስ ብሎት ነበር፤ መዝገብ መዝጋት የማያስደስተው ፖሊስ የለም።

ደስታውን ያበላሸችበት ኢንስፔክተር እስከዳር ናት። ከዓመት ፈቃዷ ወደ ደባርቅ የተመለሰችው በዚያው ቀን፣ ማክሰኞ ሲሆን፣ ቦርሳዋን እንኳ ሳታስቀምጥ መዝገቡን ቆማ አነበበችው። ቀጭን፣ ፊቷ የማይፈታ ሴት ናት። ከሰባት ዓመት በፊት ሦስት ሰዎች መስቀል መትተው የመሰከሩበትን አንድ ገበሬ አሳስራ ነበር። ሦስቱም አልዋሹም፤ ሦስቱም ተሳስተው ነበር። ሰውየው እውነቱ ሳይወጣለት እስር ቤት ሞተ። ከዚያ ወዲህ ውሸታም ሰው ብዙም አያናድዳትም፤ የሚያናድዳት ከልቡ የሚምል ሰው ነው።

መዝገቡ እንዲህ ይላል። ከደባርቅ ወጣ ብሎ፣ ገደሉ አፍ ላይ፣ ጽድ አምባ የምትባል መንደር አለች። ከሁለት ሳምንት በፊት፣ በጥቅምት መግቢያ ማክሰኞ፣ አቶ ደርበው የተባሉ የመንደሩ ትልቅ ሰው የደረሰ ገብሳቸውን ያለ ወቅቱ የመጣ ዝናብ እንዳይቀድማቸው ደቦ ጠሩ። ጠዋት ላይ የመንደሩ አስተማሪ ያርጋል ማሳው ድረስ መጥቶ በሰው ፊት ተጣላቸው፤ የአሥራ ሦስት ዓመት ልጃቸውን ስጦታን ከትምህርት ቤት አስቀርተው ለጥር ሊድሯት ነበርና። ስምንት ሰዓት ላይ ከገደሉ ጉም ወጥቶ ማሳውን ሸፈነው። ዘጠኝ ሰዓት ላይ ወንድማቸው ገዱ ምንጩ አጠገብ በግንባራቸው ተደፍተው አገኛቸው። ውሃ ሊጠጡ እንዳጎነበሱ ማጅራታቸውን በድንጋይ ተመትተው ሞተዋል። አስተማሪው ያን ዕለት ተናዶ ክፍሉን ትቶ ቤቱ ገብቶ አረቄ ሲጠጣ ዋለ፤ ስለ ከሰዓቱ የሚያውቀው ነገር አልነበረም። በማግስቱ ዳባት እህቱ ዘንድ ሄደ። «ሸሸ» ተባለ። ሐሙስ ለሠልስቱ ተመልሶ መጣ። «አያፍርም» ተባለ።

እሑድ ሽማግሌዎች አውጫጭኝ ጠሩ። ገዳይ ሲሰወር መንደሩ በሙሉ ከአንድ የጽድ ዛፍ ሥር ይቀመጣል፤ ነገሩ ሳይወጣ ማንም ወደ ቤቱ አይሄድም። በአደባባይ ብናገር ደም እቃባለሁ ብሎ የሚፈራ ሰው ያየውን ለሽማግሌዎቹ በጆሯቸው ይነግራል፤ እነርሱም ስሙን ላያወጡ ይምላሉ። እንዲህ ያለው ሰው «ወፍ» ይባላል። በዚያ እሑድ ወፍ ተገኘች። ሽማግሌዎቹ ከጓሮ ተመልሰው፣ «ወፍ ቢጫ ካፖርት የለበሰ ሰው ከምንጩ ሲወጣ አየሁ ትላለች። ሌላ ያየ አለ?» ብለው ጠየቁ። ቆይቶ አንዱ «እኔም» አለ። ፀሐይ ሳትጠልቅ አሥራ አንድ ሰው አይቶት ነበር። በጽድ አምባ ደግሞ ቢጫ ካፖርት ያለው አንድ ሰው ብቻ ነው፤ መምህር ያርጋል።

«ያን ማክሰኞ ዘንቦ ነበር?» አለች እስከዳር መዝገቡን ዘግታ።

«አሥራ አንዱም ካፖርቱን አይተዋል» አለ ሳጅኑ።

«እሱን አልጠየቅሁህም።»

ሳጅኑ ወረቀቱን ገለጠ። ከአሥራ አንዱ ስምንቱ «እያካፋ ነበር» ብለዋል።

«እያካፋ ገብስ የሚያጭድ ደቦ አይተህ ታውቃለህ?»

የሺዋስ የገበሬ ልጅ ነው፤ እርጥብ ገብስ ተከምሮ እንደሚሻግት ከእሷ በላይ ያውቃል። ከዚያች ደቂቃ ጀምሮ ጠመዳት።

ያርጋልን አስጠራችው። ገና ሠላሳ ያልሞላው ወጣት ነው፤ ዓይኑ ጎድጉዶ ከንፈሩ ደርቋል። ንገረኝ ስትለው እንደ ተማሪ ቀጥ ብሎ ተቀመጠ።

«ጉም ነው። ወደ ምንጩ እወርዳለሁ። ጋሽ ደርበው ጎንበስ ብለዋል። ቢጫው ካፖርት ጉሙ ውስጥ ይታያል፤ ትከሻው ላይ ውሃ ኩልል ብሎ ይወርዳል። ከዚያ ድንጋዩን አነሳለሁ።»

«ካፖርቱ ከየት በኩል ነው የሚታይህ?»

«ከኋላ።»

«የማን ጀርባ ነው?»

«የኔ።»

«የራስህን ጀርባ በየትኛው ዓይንህ አየኸው?»

ድምፁ ተሰበረ። አሥራ አንድ ሰው አይቶኛል አለ፤ ቄስ ኪዳኑ ሳይቀሩ አይተውኛል፣ እርሳቸው ይዋሻሉ? እኔ ሰክሬ ነበር፣ የሚያውቁት እነርሱ ናቸው። ካፖርቱን ከየት አመጣኸው ስትለው እህቴ ሰፋችልኝ አለ። መቼ ስትለው ግንባሩን አሸት አሸት አደረገና «ድሮ» አለ፤ «ያን ቀን ለብሼው ነበር'ኮ።» እስከዳር አዘነችለት። ማዘኗን ግን ፊቷ አላወራም።

ካፖርቱ በማስረጃነት ተጠቅልሎ ተቀምጧል። ከወፍራም የላስቲክ ሸራ የተሰፋ ነው። ገልብጣ ስታየው ከውስጥ በኩል፣ ጀርባው ላይ፣ ክንድ የሚያህሉ ቀያይ ፊደላት አገኘች። «ቅናሽ» ይላል።

ረቡዕ ማለዳ በሚኒባስ ዳባት ወረደች። የያርጋል እህት ስመኝ ገበያው ጥግ የስፌት መኪና አላት። ወንድሟ በግድያው ማግስት፣ ረቡዕ፣ በጋቢ ብቻ በስብሶ እንደመጣ፣ አሳዝኗት በአንድ ቀን ካፖርት ሰፍታ እንደሰጠችው ነገረቻት። እህት ለወንድሟ ብትመሰክር አይገርምም፤ እስከዳር ሸራው የት እንደተገኘ ጠየቀች። ስመኝ ከመንገዱ ማዶ ያለውን የስልክ ሱቅ አሳየቻት። ባለሱቁ ሙሌ ወሬ የሚወድ ሰው ነው። ሸራው «ታላቅ ቅናሽ» የሚል የሱቁ ባነር ነበር፤ ያን ማክሰኞ ቀኑን ሙሉ መንገዱ ዳር ተሰቅሎ ዋለ፤ ማታውን ዝናቡን ያመጣው ነፋስ ቀደደው፤ ረቡዕ ጠዋት አውርዶ ለስመኝ ሰጣት። ሱቁን በየቀኑ ፎቶ እያነሣ ቴሌግራም ላይ ይለጥፋል። የማክሰኞውን አወጣላት። ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ከሩብ ይላል፤ ባነሩም ቢጫውን ዘርግቶ ከሱቁ በላይ ተንጠልጥሏል።

ደርበው በሞቱበት ሰዓት ያ ካፖርት ገና ካፖርት አልሆነም ነበር።

«እንግዲያው አሥራ አንዱም ዋሹ ልትይኝ ነው?» አለ የሺዋስ ወደ ጽድ አምባ ሲነዱ። ነገሩ ቢገባውም አልዋጥልህ ብሎታል።

«አንድ ሰው ዋሽቷል» አለች። «አሥሩ አይተዋል።»

«ያልነበረን ነገር?»

«ሐሙስ ነበረ። ለሠልስቱ ሰው ሁሉ ጥቁር ለብሶ በዝናብ ቆሞ፣ የሚጠሉት ሰው በቢጫ ከመሃላቸው ገባ። ያንን ማን ይረሳል? የረሱት የትኛው ቀን እንደሆነ ብቻ ነው።»

መንደሩ የተቀበላቸው በጥርጣሬ ነው። መኪናው ከቆመበት ተነሥተው በእግር ሲገቡ ውሻ እንኳ የሚይዝላቸው አልተገኘም። ሴቶች በር ላይ ሆነው አይተው ገቡ፤ ወንዶች ሰላምታውን በግማሽ አፍ መለሱ። ገዳይ ተይዟል፣ ይቺ ምን ትፈልጋለች ነው ነገሩ።

እስከዳር የሚያስፈልጓት አራት ሰዎች ናቸው። አጫጆቹ በአንድ መስመር ተሰልፈው ስለነበር እያንዳንዱ የጎረቤቱን ማጭድ ይሰማል፤ ጉሙ ቢሸፍናቸውም ከመስመሩ የጎደለ አልነበረም። ከመስመሩ ውጭ የነበሩት ከታች ነዶ የሚያስረው ገዱ፣ ጠላ የምታመላልሰው የሟች ሚስት ስንዱ፣ ከቤተ ክርስቲያን የሚመለሱት ቄስ ኪዳኑ፣ እና ደቦውን የሚመራው እንግዳው የሚባል ገበሬ ናቸው። እንግዳው ስጦታን ሊያገባት የታሰበው ልጅ አባት ነው። አራቱም ከአሥራ አንዱ ውስጥ ናቸው። እያንዳንዳቸውን ለብቻ አስቀምጣ አስወራቻቸው፤ በመጨረሻም ለእያንዳንዳቸው በመዝገቡ ውስጥ የሌለ አንድ ነገር እንደዋዛ ጣል አደረገች።

ገዱ ቆሞ ነው ያነጋገራት። «ወንድሜን አፈር ካለበስኩት ገና ሁለት ሳምንቱ ነው። ገዳዩን ይዘሽ ልትፈቺው ነው የመጣሽው?» አለና ቢጫውን ሰው እንዴት እንዳየ፣ ያርጋል ጠዋት እንዴት «እገልሃለሁ» ብሎ እንደዛተ ተናገረ። ጥላ ይዞ ነበር ወይ ስትለው «ጥላ? አላስተዋልኩም» አለ።

ቄስ ኪዳኑ የአውጫጭኙ መሪ ናቸው። ወንበር ሰጧት፤ ፊት ግን አልሰጧትም።

«የወፏን ስም ፈልገሽ ከሆነ ልጄ፣ ምለናል። ብትቆርጪኝም አልናገር።»

«አልጠየቅኹዎትም አባ። ሰውየው ሲያስል ሰምተዋል?»

«ሳል? እንጃ።»

ስንዱ ሐዘን ላይ ናት። ደርበው ያን ዕለት ስድስት ሰዓት ላይ ቤት እንደመጡ ነገረቻት። ምሳ አልበሉም። ጓዳ ገብተው ቆዩ፤ ሲወጡ በቀጥታ ወደ ምንጩ ወረዱ፤ ማሳውን አልረገጡም።

«ምንም አላሉሽም?»

«"ልጅቷ ዓምና ስንተኛ ወጣች?" አለኝ። ሁለተኛ አልኩት። ይህን ሰምቶ ጓዳ ገባ።»

ልጅቷ መደብ ላይ ተቀምጣ ደብተር ታገላብጣለች። እስከዳር ደብተሮቹን አየች።

«ከትምህርት አስቀርተዋት አልነበር?»

«አባቷ ሳጥን ውስጥ ቆልፎባት ነበር። የዚያን ዕለት ማታ መደቡ ላይ አየኋቸው። እኔ አውጥቼ ይሆናል፤ በድንጋጤ ምን ትዝ ይለኛል እቴ።»

«የሳጥኑ ቁልፍ የት ነው?»

ስንዱ ከአንገቷ ክር ሳበች። ቁልፉ ከባሏ አንገት ወርዶ አያውቅም ነበር። ሬሳ ያጠቡት ሰዎች ፈትተው የሰጧት በማግስቱ ነው። ይህን ስትናገር እራሷም ሰማችውና ቆም አለች። እስከዳር ሳጥኑን እንድትከፍተው ለመነቻት። እስከ አርባው አልከፍትም ብላ ነበር፤ ከፈተች። ውስጡ ልብስ ነበር፣ አንድ መጋረጃ ነበር፣ የወረቀት ጥቅል ነበር። ለስጦታ በጥሎሽ የመጣው የብር አምባር አልነበረም። ስንዱ ልትጮህ ስትል እስከዳር እጇን ያዘቻት፤ እስከ ነገ ለማንም አታውሪ አለቻት። ስትወጣ በር ላይ ዞር ብላ፣ ሰውየውን ውሻ ተከትሎት ነበር ወይ ብላ ጠየቀቻት። ስንዱ ውሻ አላስታወሰችም።

እንግዳው ግቢው ውስጥ እንጨት እየፈለጠ ነበር፤ መጥረቢያውን አላስቀመጠም። ሃምሳውን ያለፈ፣ ትከሻው ሰፊ ሰው ነው። ደርበውን ከጠዋቱ ጥል በኋላ አላገኘሁትም አለ። ጋብቻው እንዳለ ነው አለ።

«ቃል ቃል ነው። ሰው ቢሞት ቃል አይሞትም። አምባሩም እነሱ ቤት ነው፣ ሳጥናቸው ውስጥ።»

«ያየኸውን ንገረኝ።»

«ቢጫ ካፖርት የለበሰ ሰው ከምንጩ ወጣ። ወደ ጽዱ መንገድ ታጠፈ። ፊቱን አላየሁም።»

«ባዶ እግሩን ነበር?»

«ፊቱን አላየሁም አልኩሽ። አንቺ ሴትዮ፣ የሞተውን ሰውዬ ነው ወይስ የገደለውን የምትወጂው?»

ወደ መኪናው ሲመለሱ ከኋላቸው ድንጋይ ተወረወረ። አልመታቸውም፤ ማን እንደወረወረው ያየ ሰውም አልተገኘም። በዚህ ነገር ማንም አልዋሸም ይሆናል፤ ለማየት የፈለገ አልነበረማ።

ሐሙስ ጠዋት እስከዳር ተመለሰች። አራቱንም አንድ በአንድ ጠርታ ያንኑ እንዲደግሙላት አደረገች። ሦስቱ ሰዎች ረቡዕ ከተናገሩት የተለየ ነገር ተናገሩ፤ አራተኛው አልተለየም። የሺዋስን ወደ ጎን ወስዳ ከፍርድ ቤት የያዘችውን የብርበራ ወረቀት ሰጠችውና የት የት እንደሚያይ ነገረችው። ሳጅኑ ወረቀቱን አነበበ፤ ቀና ብሎ አያት፤ የመጀመሪያ ጊዜው ነው ሳይከራከር የሄደው።

ከሰዓት በኋላ መንደሩ አውጫጭኙ በተደረገበት ጽድ ሥር ተሰበሰበ። እንግዳው ከፊት ተቀመጠ። እስከዳር ቢጫውን ካፖርት በሰው ሁሉ ፊት ገልብጣ ዘረጋችው፤ ሰው አጉረመረመ። ከዚያ የሙሌን ፎቶ በስልኳ ከእጅ ወደ እጅ አሳለፈች። ማንበብ የሚችለው ላልቻለው አነበበ። ይህ ጨርቅ ማክሰኞ ዘጠኝ ሰዓት ዳባት መንገድ ላይ ተሰቅሎ ነበር፣ የተሰፋው ረቡዕ ነው አለቻቸው።

«ውሸታም ልታደርጊን ነው?» አለ ገዱ ብድግ ብሎ። ሌሎችም ተነሡ።

«ተቀመጥ። ውሸታም አላልኩህም» አለች። «ትዝታ ሳጥን ውስጥ የተቀመጠ ዕቃ አይደለም። እንደ ቤታችሁ ግድግዳ ነው፤ በተሰነጠቀ ቁጥር እጃችሁ በገባው ጭቃ ትመርጉታላችሁ። ማክሰኞ ጉም ነበር፣ ያያችሁት ነገር አልነበረም። ሐሙስ መምህሩን በቢጫ አያችሁት፣ ተናደዳችሁ። እሑድ ወፍ "ቢጫ" አለች። ስንጥቁን በዚያ መረጋችሁት። ከልባችሁ ነው።»

«እኔ በዓይኔ ያየሁትን!»

«ምን ይዞ ነበር?»

«ጥላ» አለ ገዱ፣ «ጥቁር ጥላ።»

«ረቡዕ ጥላ አላስተዋልኩም ብለኸኛል። ጥላ የሚለውን ነገር ያመጣሁት እኔ ነኝ፤ ከራሴ ፈጥሬ። እትዬ ስንዱም ዛሬ ውሻ አይታለች። አባ ደግሞ ሲያስል ሰምተዋል፤ እንዲያውም ሁለቴ።»

ቄስ ኪዳኑ መቋሚያቸውን አጥብቀው ያዙ። ፊታቸው ሲገረጣ ሰው አየ። «ሳሉ ዛሬ ጠዋት በደንብ ይሰማኝ ነበር» አሉ ቀስ ብለው፣ ለራሳቸው የሚናገሩ ያህል።

«ያየ የመሰለው ሰው እንዲህ ነው» አለች እስከዳር። «የሰጡትን ይቀበላል፤ በተናገረ ቁጥር ወሬው ይለመልማል። ለአራተኛው ሰው ባዶ እግሩን ነበር ወይ ብዬ ነበር። አልተቀበለኝም። ለሳጅኑ የተናገረውን፣ ረቡዕ ለእኔ የተናገረውን፣ ዛሬ የደገመውን ሦስቱን ጽፌያቸዋለሁ። "ቢጫ ካፖርት የለበሰ ሰው ከምንጩ ወጣ። ወደ ጽዱ መንገድ ታጠፈ። ፊቱን አላየሁም።" አንዲት ቃል አልጨመረም፣ አላጎደለም። ሰው የሸመደደውን ነው እንዲህ የሚጠብቀው።»

ሰው ሁሉ ወደ እንግዳው ዞረ።

«አነጋገሬ አጭር ስለሆነ ነው የምትሰቅሉኝ?» አለ እንግዳው ሳይነሣ። «ደርበው ወንድሜ ነበር። ልጆቻችንን ልናጋባ ነበር። እኔ ምን ጎደለኝና እገድለዋለሁ?»

«ጋብቻው ጎደለህ። ለእናንተ ሁሉ መምህሩ ከደርበው ጋር እንደተጣላ ቀርቷል። የተናገረው ነገር ግን አቶ ደርበው ልብ ውስጥ ገብቶ ነበር። ስድስት ሰዓት ላይ ቤታቸው ገብተው ልጅቷ ስንተኛ እንደወጣች ጠየቁ። በአንገታቸው ቁልፍ ሳጥኑን ከፍተው ደብተሮቿን መደቡ ላይ አደረጉላት። እትዬ ስንዱ፣ አንቺ አይደለሽም ያወጣሽው። ቁልፉ አንቺ ዘንድ አልነበረም።»

ስንዱ ነጠላዋን አፏ ላይ ይዛ ቀረች።

«ከዚያው ሳጥን አምባሩንም አወጡ። በቀጥታ ወደ ምንጩ ወረዱ። ለማን ሊሰጡ? ለሰጪው ሊመልሱ። አንተ ግን ከጠዋት በኋላ አላገኘሁትም፣ አምባሩም ሳጥናቸው ውስጥ ነው አልከኝ። ትናንት ሳጥኑ ሲከፈት አምባር የለም። ከስድስት ሰዓት በኋላ ያንን አምባር ከደርበው እጅ የተቀበለ ሰው፣ ምንጩ ላይ ያገኛቸው ሰው ነው።»

የሺዋስ በዚህ መሃል በሰዎቹ መካከል እየተጋፋ መጣ። እጁ እስከ ክርኑ ገብስ ለብሷል። የብር አምባሩን ምንም ሳይናገር ከቢጫው ካፖርት አጠገብ አስቀመጠው።

«ከእንግዳው ጎታ፣ ከገብሱ ሥር ነው» አለ።

እንግዳው አምባሩን አላየውም። የሚያየው ቄስ ኪዳኑን ነው፤ ሌላው ሰውም ያንን አይቶ ወደ እርሳቸው ዞረ። ቄሱ መቋሚያቸውን ተደገፉ። ከዚያ ተነሡ።

«ወፍ ብለን የማልነው ላየ ሰው ነው» አሉ። «ላላየ አልማልንም። ያልነበረ ካፖርት አየሁ ያለ ሰው ወፍ አይደለም፣ መሐላውም የለበትም። በዚያ እሑድ ጓሮ ጠርቶ የነገረን እንግዳው ነው። እኔም አምኜው፣ አምኜው ብቻ አይደለም አየሁት ብዬ፣ በንጹሕ ሰው ላይ መሰከርኩ። እግዚአብሔር ይቅር ይበለኝ።»

እንግዳው ያን ጊዜ ተነሣ። ለመሸሽ አይደለም፤ ለመናገር ነው። አገር ለሠርጉ እንደተጠራ፣ ለልጁ ጎጆ እንደወጣ ተናገረ። ደርበው ምንጩ ላይ አምባሩን እጁ ውስጥ አኑሮ «አልዳርኩም፣ ትማር» ብሎት እንደ ቀላል ነገር ጎንበስ ብሎ ውሃ ሊጠጣ ጀመረ።

«ጀርባውን ሰጠኝ» አለ እንግዳው። «እንደዚያ አድርጎኝ፣ ውሃ ይጠጣል።»

ገዱ ሊደርስበት ሲል ሳጅኑ መሃላቸው ገባ። ካቴናው ሲቆለፍ ማንም አልጮኸም፤ ማንም ኢንስፔክተሯን አላመሰገነም። አንድ ሽማግሌ እየተነሡ፣ ቢሆንም ግን እኔ አንድ ቢጫ ነገር አይቻለሁ አሉ። እስከዳር ሰማቻቸው፤ ካፖርቱን ጠቅልላ አነሣች።

ያርጋል ዐርብ ተፈታ። ካፖርቱ ለእንግዳው ክስ በማስረጃነት ስለሚያስፈልግ አልተሰጠውም፤ ስመኝ ነጭ ጋቢ ይዛለት መጥታ ነበር። በር ላይ ቆም ብሎ እስከዳርን ጠየቃት።

«እንዳልገደልኩ ገባኝ። ግን አሁንም ይታየኛል። ድንጋዩ ሲከብደኝ ሁሉ። መቼ ነው የሚለቀኝ?»

ልታጽናናው ፈለገች፤ መዋሸት ግን አልቻለችም። «ላይለቅህ ይችላል» አለችው። «ሲመጣብህ ጀርባህ ይታይህ እንደሆነ እይ። ጀርባህ ከታየህ፣ የሰው ወሬ ነው፤ ያንተ አይደለም።» ያርጋል ራሱን ነቀነቀና ከእህቱ ጋር ወጣ። እስከዳር ከሰባት ዓመት በፊት የሞተባትን ገበሬ አሰበች፤ እሱም በመጨረሻው ሰሞን አድርጌው ይሆናል ሲል ነበር አሉ።

ያርጋል ሰኞ ወደ ጽድ አምባ ተመለሰ። ከአርባ ሁለት ተማሪ ክፍል የገቡት አሥራ ስምንቱ ናቸው፤ ከሦስተኛው መስመር ስጦታ ተቀምጣለች። ቆጥሮ ማስተማር ጀመረ።

ማምሻውን ጎረቤቷ ማዕረግ ስንዱ ዘንድ ለማጽናናት መጣች። ቁጭ ከማለቷ ጀመረች፤ ያ ሰው ያንን ቢጫውን ለብሶ ተመልሶ መጣ፣ በደጄ ሲያልፍ አየሁት፣ አያፍርም አለች። ስንዱ ይህን ስትሰማ ቢጫው ለእሷም ድቅን አለባት፤ ጉሙ፣ ትከሻው፣ የሚወርደው ውሃ። ዓይኗን ከፍታ ወደ መደቡ ዞረች።

«ስጦታ፣ መምህርሽ ዛሬ ምን ለብሶ ነበር?»

«ጋቢ» አለች ልጅቷ ከደብተሯ ሳትነሣ። «ነጭ ጋቢ።»

«ኧረ እኔ በዓይኔ...» አለች ማዕረግ።

ስንዱ እጇን አንገቷ ላይ ወዳለው ቁልፍ ሰደደች። ልጇን አየቻት፤ ደብተሮቹን አየቻቸው፤ ባሏ በዚያ ቀትር ብቻውን ጓዳ ገብቶ ምን ያስብ እንደነበር ስታስበው እንባዋ መጣ።

«ተይ ማዕረግ» አለች። «ልጄ ናት ያየችው።»

ስጦታ መጻፏን ቀጠለች።